በአንቺ አልፎ የመጣ ውሃ

ግንቦት 3

ለእህቴ ለድንቢጥ፤

እንደምን ከረምሽ? እማዬስ እንዴት ከረመች? ወገብሽስ፣ ዓይንሽስ፣ ወስፌ የወጋው ጣትሽስ? እኔ ደህና ነኝ። ሳትጠይቂኝ ቶሎ ልንገርሽ፣ አልሰጠምኩም። እዚህ ስልክ ስለማይይዝ እንደ ጥንት ሰው በወረቀት መጣሁብሽ። ወረቀቱን የሚያደርስልሽ ዓሣ ነጋዴው ራዲዮ ነው። ይህን ስም ያወጣለት ሰው አፉ ይባረክ። ፖስታውን ባይከፍተው እንኳ ፊቴን አይቶ የጻፍኩትን ይገምትና ለወደቡ ሁሉ ይለፍፈዋል፤ ስለዚህ ከሌላ ከመስማትሽ በፊት ቶሎ አንብቢው።

ከሌሎቹ ጋር ለምን አልመጣሽም ብለሽ ጠይቀሽኛል። ጀልባችን አሸዋ ላይ ተቀምጣለች። ጭነት ይዘን ወደ ላይ ስንወጣ ካፒቴኑ አምና ያለፈበትን መንገድ አምኖ ገባ፤ ወንዙ ለካ በክረምቱ አልጋውን ቀይሮ ኖሯል። በዘንግ የሚለካው ልጅ "ጥልቅ ነው!" ብሎ ሳይጨርስ ከሥራችን ጭሽሽ አለ። በዘንግ ገፋን፣ በገመድ ሳብን፣ ተሳደብን፤ ውሃው ግን እየሸሸን ሄደ። አሁን ከጀልባዋ ወርጄ ጫማዬ ሳይረጥብ ዙሪያዋን እዞራታለሁ። መካኒኩና ጫኞቹ በታንኳ ወደየቤታቸው ሄደዋል። ባዶዋን የተተወች ጀልባ ግን ውላ ሳታድር በሯ የሌላ ሰው በር፣ መስኮቷ የሌላ ሰው መስኮት ይሆናል። ስለዚህ የዚህ ሥራ ደንብ፣ ካፒቴኑና ምግብ አብሳይዋ ከጀልባዋ ጋር ይቀራሉ የሚል ነው። ካፒቴኑ ጀልባዋን ሊጠብቅ፣ አብሳይዋ ካፒቴኑን ልትመግብ። ደንቡን ያወጣው ካፒቴን እንጂ አብሳይ እንዳልነበረ ማንም ያውቃል።

ይቅርታ እሺ? "አንድ ጉዞ ብቻ" ብዬሽ ወጥቼ ይኸው ቀረሁ። ቃሌ ግን ቃል ነው። የጥገናው ግቢ ተለማማጅ የሚቀበለው ውሃው ሞልቶ የተጎዱትን ጀልባዎች ወደ መጠገኛው መሳብ ሲጀመር ነው አይደል? እኔን ከዚህ የሚያላቅቀኝም ያው ውሃ ነው። እኔ ላይ ነኝ፣ አንቺ ታች፤ ውሃው መጀመሪያ እኔን ይነካል። ይህቺ ጀልባ ስትነሳ ጭነቷን ይዛ ወደ ላይ ትቀጥላለች፤ እኔ በመጀመሪያው ወራጅ ጀልባ ተሳፍሬ ከውሃው እኩል ደጅሽ እደርሳለሁ። አንቺም ብየዳሽን ልትማሪ ትሄጃለሽ። ሰባት ዓመት ከእማዬ ጋር የቆየሁ ሰው ነኝ፣ ዳግም ስገባ አልደነብርም።

ለመሆኑ ስለ እኔ ትጠይቃለች?

እህትሽ

ግንቦት 21

ለእትዬ፤

ደብዳቤሽ ደርሶኝ ለእማዬ አነበብኩላት። "አልሰጠምኩም" የሚለው ጋ ስደርስ "ይህን ለማለት ነው ወረቀት ያባከነችው?" አለች። ከዚያ ግን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ።

ትጠይቃለች ወይ ላልሽው፣ ስምሽን አትጠራም። "ያቺ" ነው የምትልሽ። "ያቺ ብትሆን ትራሱን ከፍ ታደርግልኝ ነበር።" "ያቺ ብትሆን ሾርባው አይቀጥንም ነበር።" አንቺ እዚህ ሳለሽ፣ እኔ ለሥራ ስወጣ ምን ትለኝ እንደነበር ትዝ አለኝ፤ ያኔ "ያቺ" እኔ ነበርኩ። እዚህ ቤት የሌለችው ልጅ ምንጊዜም ሙያ አላት።

ስለ ጤናዋ ጠይቀሻል። ደህና ነች፣ እንዲያውም እየተሻላት ነው። በከዘራዋ እስከ በሩ ድረስ ትሄዳለች። አንቺ ስትመጪ ያን ያህል አትከብድሽም፣ አታስቢ።

እኔ ያው መስፋት ነው። ይህ አሁን የያዝኩት ሸራ ከቤታችን ይበልጣል። አልጋዋ መስኮቱን ይዟል፣ ምድጃው ጥጉን ይዟል፣ በቀረችው ቦታ አንድ ክንድ ዘርግቼ እሰፋለሁ፣ እጠቀልላለሁ፣ ሌላ ክንድ እዘረጋለሁ። የሰፋሁትን ሙሉውን አይቼ አላውቅም። ጭነት ላይ ተወጥሮ በወንዙ ሲያልፍ እንኳ የምታየው እማዬ ነች፤ እኔ ከምድጃው ተነስቼ እስክደርስ ያልፋል። "ጠማማ ነው ስፌትሽ" ትለኛለች።

ዳቦ ልገዛ ስወጣ ደግሞ ኩባያው አለ። የቆርቆሮ ኩባያዋን በአልጋው ብረት ላይ ቀጭ ቀጭ ታደርገዋለች፤ ማዕዘኑ ድረስ ይሰማል። ዳቦ ሻጩ "ተደወለልሽ" ይለኛል፣ የቆሙት ሰዎች ይስቃሉ፣ እኔም እስቃለሁ። ቤት ስገባ የምትፈልገው ነገር የለም። መኖሬን ለማወቅ ነው።

ፎርማኑ ሸራ ሊወስድ መጥቶ ነበር። "ብየዳ መማር እፈልጋለሁ" አልኩት። "ሴት ልጅ? ብየዳ?" አለኝ። "ሸራ የሰፋ እጅ ብረት ለምን አይሰፋም?" አልኩት። ሳቀ፤ ከዚያ ግን ስፌቴን ገልብጦ ከውስጥ በኩል አየው። "የመጀመሪያው ጀልባ ወደ መጠገኛው በሚሳብበት ቀን በሩ ላይ ተገኚ። የቀረ ቀረ ነው፤ ለከርሞ ዕድሜሽ ያልፋል፣ ከሃያ አምስት በላይ አንቀበልም" አለኝ። እማዬ ሰምታ "አንዷ ውሃ ላይ ሄደች፣ አንዷ እሳት ውስጥ ልትገባ ነው" አለች።

እትዬ፣ እየታፈንኩ ነው። ቀልዱን ሁሉ ለአንቺ ስጽፍ ነው እንጂ እዚህ ቤት ውስጥ አየር የለም። ማታ ማታ መስኮቱን ከፍቼ እቆማለሁ፣ እሷ "ብርድ ገባ" ትላለች፣ እዘጋዋለሁ። አደራሽን። አደራሽን።

ድንቢጥ

ሰኔ 7

ለድንቢጥ፤

እንደምን ሰነበታችሁ? ስለ እማዬ መሻል ስሰማ ደስ አለኝ። በከዘራ እስከ በር! እኔ ሳለሁ እስከ በር ቀርቶ እስከ አልጋው ጫፍም በልመና ነበር።

ቀኑን ሙሉ ምን ትሠሪያለሽ ላልሽኝ፣ ከማን ጋር ነሽ ላልሽኝም፣ ካፒቴኑ፣ እኔና አይጦች ነን። ካፒቴኑ ይተኛል፤ ሲነቃ ውሃውን ያያል፣ ውሃው የለም፣ መልሶ ይተኛል። እኔ አብስዬ ስጨርስ ወደ መንደሩ እወጣለሁ። እዚህ ያሉት ሰዎች ከፍ ያለው ዳርቻ ላይ ነው የሚኖሩት። ውሃው ሲሸሽ ጥቁር ደለል ትቶ ይሄዳል፣ እነሱ ደግሞ ገመድ ዘርግተው ይካፈሉታል፤ ለአንድ ቤት አንድ ድርሻ። ሳይጣሉ አይካፈሉም፣ ከተካፈሉ በኋላ ግን ድንበር የሚገፋ የለም፤ ምክንያቱም ክረምቱ መጥቶ ሁሉንም ያጠፋዋል። ባለ ዱባዋ የሚሏት አንዲት ባልቴት ልጇ ርቆ ሄዶባታል፣ ድርሻው ጾሙን ሊያድር ሆነ። "አንቺ ከምትንቀዋለይ ዝሪበት" ብላ ሰጠችኝ። ዱባና በቆሎ ዘራሁበት። ውሃ ሳይመጣ መሰብሰብ አለበት፤ ሁላችንም ጎንበስ ብለን ስንሠራ ወንዙን በጎን እናየዋለን።

አፈሩ ለስላሳ ነው። ጣቴን ስከተው እስከ ክርኔ ይገባል። የልጅነት ነገር መሰለኝ፣ ብቻዬን ሳቅሁ። ደግሞ አንድ ነገር፤ እዚህ ስተኛ እስኪነጋ አልነቃም። ሰባት ዓመት እንዲህ ተኝቼ አላውቅም። ካፒቴኑ "ሞተሽ መስሎኝ ነበር" አለኝ፤ ቁርስ ዘግይቶበት።

ምን ልልሽ ነበር? ረሳሁት። ውሃው ገና ነው። ለእማዬ ትራሷን በግራ በኩል ከፍ አድርጊላት፣ በቀኝ ሳይሆን።

እህትሽ

ሰኔ 23

ለእትዬ፤

አጭር ነው የምጽፈው፣ ራዲዮ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው፤ ዓሣው ሊሸት ነው ይላል፣ እንደማይሸት ሁሉ። ዱባሽን አሳድጊ፣ ደስ ይበልሽ፣ ከልቤ ነው። ግን ስሚኝ፤ ሰማዩ በእናንተ በኩል ጠቁሯል። ወደቡ ላይ ሰው ሁሉ የታንኳውን ስንጥቅ እየደፈነ ነው። ሻንጣዬን አዘጋጅቻለሁ፣ አልጋዋ ሥር ነው። እማዬ ታውቃለች፤ "ሻንጣው ይቆረቁረኛል" ትላለች፣ ፍራሽ አልፎ!

ስለ እሷ ለጠየቅሽው፣ ደህና ነች። ሌላ የምጨምረው የለም። ቶሎ ነይ። ውሃው እንደነካሽ፣ ያን ቀን።

ድንቢጥ

ሐምሌ 2

ለውድ እህቴ፣ ለዓይኔ ብርሃን፣ ለድንቢጥ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እጅግ እጅግ እንደምን ሰነበትሽ? እናታችንስ? ዳቦ ሻጩስ? ጎረቤታችን ፀጉር ቆራጩስ፣ ባለቤቱስ ደህና ናቸው? ሁሉንም ሰላም በይልኝ። እኔ በጣም ደህና ነኝ። ናፍቆታችሁ ብቻ ነው የሚያስቸግረኝ።

ላልሽው ነገር ምን ልበልሽ፣ የዘንድሮ ነገር ግራ ነው። ዝናቡ ጉረምረም ይላል እንጂ ጠብ አይልም። ጀልባዋ እንደተቀመጠች ነች፤ ውሃው ጠብታ አልጨመረም። ካፒቴኑም ተስፋ ቆርጦ ጢሙን ማሳደግ ጀምሯል። እንግዲህ ምን ይደረጋል? ከወንዝ ጋር ክርክር የለም። ምናልባት የፀጉር ቆራጩን ሚስት ለጥቂት ጊዜ እማዬን ታይልሽ እንደሆን ብትጠይቂያት? ደግ ሴት ነች። ወይም ፎርማኑን ትንሽ እንዲታገሥሽ ብትለምኚው? የሰው ፊት እሳት ነው፣ አውቃለሁ፤ አንቺ ግን አፍ አለሽ።

ይቅርታ፣ ይቅርታ። ብችል ኖሮ ዛሬ እመጣ ነበር።

እህትሽ

ሐምሌ 8

ለእትዬ፤

ዛሬ ሰላምታ የለኝም። እንደምን ሰነበትሽ አልልሽም፤ እንዴት እንደሰነበትሽ ውሃው ነግሮኛል።

ደብዳቤሽ "ጠብታ አልጨመረም" ይላል። እኔ ያነበብኩት መስኮቱ ጋ ቆሜ ነው። ከመስኮቱ በታች ውሃው የወደቡን ደረጃዎች ውጦ የላይኛውን እየላሰ ነበር። ቀዩ ውሃ! የላይኛው አገር አፈር፣ የላይኛው አገር ሣር፣ የተሰበረ የታንኳ መቅዘፊያ ሳይቀር ተሸክሞ። ልጆቹ ዳር ቆመው ይጮሃሉ፣ ጫኞቹ ይጮሃሉ፣ እኔ ያንቺን ወረቀት ይዤ ቆሜያለሁ።

እትዬ፣ ይህ ውሃ ከሰማይ በቀጥታ እኔ ደጃፍ አልወረደም። በአንቺ አልፎ ነው የመጣው። ጀልባሽን አንስቶ፣ ዱባሽን ውጦ፣ እግርሽን አጥቦ ነው እኔ ጋ የደረሰው። ሰው ለታችኛው ሰው ስለ ውሃ ይዋሻል? ስለ ጤናሽ ዋሺኝ፣ ወንድ አግኝተሽ እንደሆነ ዋሺኝ፣ አላይሽም። ውሃውን ግን ካንቺ ቀጥሎ የማየው እኔ ነኝ! የወንዝ ልጅ ሆነሽ ይህ እንዴት ጠፋሽ? ወይስ በአፍሽ ማለት ፈርተሽ ወንዙ እንዲነግረኝ ነው?

ራዲዮን "ጀልባዋ ተነስታለች?" ብዬ ጠየቅሁት። ዝም አለ። ራዲዮ! ዓሣውን መመዘን ጀመረ፣ የተመዘነውን መልሶ መዘነ። ያኔ ነው ጉዴ የገባኝ።

ለእማዬ ሳነብላት "ውሃው አልመጣም ትላለች" አልኳት። መስኮቱን አየች፣ እኔን አየች። "ዓይኔ ደክሞ ይሆናል" አለች። ዓይኗ ከወንዙ ማዶ የሚሄደው ውሻ የማን እንደሆነ ይለያል።

እኔም አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ይውጣልኝ። በከዘራ ትሄዳለች ያልኩሽ ውሸት ነው። እማዬ አንቺ ከወጣሽ ወዲህ ከአልጋ ወርዳ አታውቅም። አነሳታለሁ፣ አገላብጣታለሁ፣ አጥባታለሁ፤ ወገቤ የአሮጊት ወገብ ሆኗል። ብትሰሚ እንዳትቀሪ ፈርቼ ደበቅኩሽ። ሳትሰሚም ቀረሽ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ!

ፎርማኑ ልኮብኛል። የመጀመሪያው ጀልባ የሚሳበው ሐምሌ 20 ነው። እማዬን አስቀምጬ አልሄድም፣ ታውቂኛለሽ። ስለዚህ ወይ ትመጫለሽ፣ ወይ እኔ እዚህ ሸራ እየጠቀለልኩ አረጃለሁ። ሌላ መንገድ ካየሽ ንገሪኝ፤ እኔ አላየሁም።

ድንቢጥ

ሐምሌ 15

ለድንቢጥ፤

ያልሽው ሁሉ ልክ ነው። ስለ ውሃው ስጽፍልሽ እጄ እየጻፈ፣ "ይህን ለማን ነው የምትዪው?" ይለኝ ነበር። እንድትደርሺበት ፈልጌ ይሁን አይሁን እኔም አላውቅም።

ጀልባዋ የተነሳችው በሰኔ መጨረሻ ነው። ጠዋት ሥሯ ተንቀጠቀጠ፣ ድስቴ ከምድጃው ተንሸራተተ፣ ካፒቴኑ በካልሲ ወጥቶ ጨፈረ። በማግስቱ ወራጅ ጀልባ መጣች። ሻንጣዬን ይዣለሁ፣ ባለ ዱባዋን ተሰናብቻለሁ፣ አንድ እግሬ መሳፈሪያው ሳንቃ ላይ ነው። ጡሩምባው ተነፋ። እኔ ግን የሰማሁት ኩባያውን ነው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። እንደ እብድ ዘወር ብዬ አየሁ፣ ምንም የለም። እግሬን ተነሳ አልኩት፣ እምቢ አለኝ። "ሴትዮ፣ ትወጫለሽ ወይስ አትወጪም?" አለኝ ሳንቃውን የያዘው። "ሂዱ" አልኩ። ከዚያ ያን የሰላምታ ናዳ ጻፍኩልሽ።

እማዬን ጠልቼ አይደለም። እንዳትዪው፣ እሷም እንዳትሰማው። የጠላሁት እዚያ ቤት ውስጥ የምሆነውን ሰው ነው። አንዳንድ ቀን ትራሷን ሳስተካክል እጄ ውስጥ ያለውን ትራስ አይና እፈራ ነበር። ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

ነፃ የወጣሁም እንዳይመስልሽ። ውሃው መንደሩን ዙሪያውን ከቦታል፣ ደሴት ሆነናል። ከባለ ዱባዋ ጋር በአንድ ክፍል ከነዱባው ነው የምኖረው። ከአራት ግድግዳ ወጥቼ አራት ማዕዘን ውሃ ውስጥ ገባሁ። ጉርሻ ሳነሳ አንቺ ሸራ ስትጠቀልዪ ይታየኛል፣ ጉርሻውን መልሼ አስቀምጠዋለሁ።

ግን አልችልም፣ ድንቢጥ። አልመጣም። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ በምን አፌ?

እህትሽ

ሐምሌ 21

ለትልቋ ልጄ፤

የምናገረው እኔ እናትሽ ነኝ፣ የሚጽፈው ራዲዮ ነው። ከዚህ አንዲት ቃል ለሰው ቢተነፍስ፣ "ትኩስ ነው" እያለ የሚሸጠው ዓሣ ስንት ሌሊት እንዳደረ ለወደቡ ሁሉ እንደምናገር ነግሬዋለሁ። (እውነት ነው፣ ነግረውኛል። — ጸሐፊው)

የመጨረሻው ደብዳቤሽ የደረሰው ድንቢጥ ዳቦ ልትገዛ በወጣችበት ሰዓት ነው። ራዲዮ እንዲያነብልኝ አደረግሁ። ከዚያ "ምድጃው ውስጥ ጨምረው" አልኩት። ድንቢጥ አላየችውም፣ አታየውምም። ስትመለስ "ራዲዮ ምን አለ መሰለሽ? ያቺ መንገድ ላይ ነች፤ ከነገ ወዲያ ትገባለች፣ አንቺ ግን በጠዋቱ ጀልባ ካልሄድሽ አትደርሺም" አልኳት። ራዲዮም ምሎ መሰከረ። (በማንም ስም አልማልኩም፣ አንገቴን ነቀነቅሁ እንጂ።) ልጅቷ እየሳቀች አለቀሰች፣ እያለቀሰች ሻንጣዋን ከሥሬ ጎተተች። "አንድ ሌሊት ብቻዬን ባድር አልሞትም፣ ሂጂ" አልኳት። ከበሩ ሦስት ጊዜ ተመለሰች፣ ሦስት ጊዜ አባረርኳት። በጠዋቱ ጀልባ ሄደች።

ስለ ትራሱ የጻፍሽውንም ሰምቻለሁ። ራዲዮ ሲያነብ ሊዘለው ሲል ያዝኩት። ምን መሰለሽ፣ ልጄ፣ እኔም አውቅ ነበር። እጅሽ ሲቆም ይታወቀኝ ነበር። አልጮህኩም፤ አንቺ መሆንሽን አውቃለሁ።

እናትን ጥሎ መሸሽ ነውር ነው ብዬ ልቆጣሽ ተነሳሁ፤ ተነሳሁ ማለቴ ያው በአፌ ነው። ከዚያ ራሴን ጠየቅሁ። እኔስ ከዚህ አልጋ፣ ከዚህ ከማይታዘዘኝ ጎኔ መሸሽ የማልፈልግ መሰለሽ? ኩባያውን የምመታው ምን ያህል እንደምትናደዱ ለማየት ነው ብላችሁ ታስቡ ነበር አይደል? ድምፅ ስሰማ አለሁ እላለሁ፣ ለዚያ ነው። ሁለታችሁም የሸሻችሁት እግር ስላላችሁ ነው። እግር ቢኖረኝ እኔም ከእኔ እሸሽ ነበር።

የፀጉር ቆራጩ ሚስት ጠዋትና ማታ ብቅ ትላለች። በመሃል የራሷ ቤት አላት፣ አልፈርድባትም። ውሃ ከአጠገቤ ታስቀምጥልኛለች፤ ትናንት አምልጦኝ ፈሰሰ፣ እስክትመጣ ጠበቅኋት። ይህን የምነግርሽ እንድትመጪ አይደለም። (ነው። — ጸሐፊው) ራዲዮ ምን ጨመርክ? ምንም አልጨመርኩም ይላል።

አልመጣም ካልሽ አትምጪ። ልጄን በግድ አላስመጣም፤ በግድ የመጣች ምን ትሆን እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን። ለትንሿ ግን የቀረሁት ብቻዬን እንደሆነ እንዳትሰማ። ከሰማች ብረቱን ጥላ በዚያው ቀን ትመለሳለች፤ ልቧ የቅቤ ነው። አደራ የምልሽ ይህን ብቻ ነው።

እናትሽ

ሐምሌ 27

ለእማዬ፤

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ ራዲዮ አይደለም፤ እኔ ነኝ። በእሱ ጀልባ ከዓሣው ጋር ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ስገባ እጅሽ ላይ አስቀምጬው ሾርባ ልሠራ ወደ ምድጃው እዞራለሁ፤ በአፌ ስለማልችለው ነው። ማንበብ ቢያስቸግርሽ ዝም ብለሽ ያዢው፣ ሌላ ጊዜ አነብልሻለሁ።

እፈራለሁ እማዬ። አንቺን አይደለም። እጄ ሲቆም ከተሰማሽ ዝም አትበዪኝ፤ ተቆጪኝ፣ ስደቢኝ፣ ጎረቤት ጥሪብኝ። ያን ቃል ስጪኝና እቆያለሁ።

ልጅሽ

ነሐሴ 14

ለድንቢጥ፣ ለጥገናው ግቢ ተለማማጅ፤

እንደምን አለሽ? ደብዳቤሽን ለእማዬ ሦስት ጊዜ አነበብኩላት። የእሳት ፍንጣሪው ሸሚዝሽን የበሳው ጋ ስደርስ "ነግሬያት ነበር" አለች፤ በመንገዱ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ለመጥራትም መስኮቱን አስከፈተችኝ። "ልጄ በያጅ ነች!" ትላቸዋለች። አሁን "ያቺ" አንቺ ነሽ። ትናንት ሾርባው ሲያርብኝ "ያቺ ብትሆን እሳት ታውቅ ነበር" አለችኝ።

የጠየቅሽኝን በተራ ልመልስልሽ። እንዴት ሳንተያይ ቀረን ላልሽው፣ አንቺ በጠዋት ወደ ታች ወርደሻል፣ እኔ ከላይ የገባሁት በዚያው ዕለት ማታ ነው፤ በምን እንተያያለን? እማዬ ያን ሌሊት ብቻዋን ነበረች ወይ ላልሽው፣ አልነበረችም። አንድም ሌሊት ብቻዋን አላደረችም። ይህን ነገር ሁለተኛ አንስተሽ እንዳታስቢው። ስለ ውሃው ለመዋሸቴም መልሱን ራስሽ ሰጥተሽኛል፤ "ፈርተሽ ነው" ብለሽ ከጻፍሽው ሌላ የምጨምርበት የለኝም።

ስገባ ምን አለችሽ ላልሽው፣ "በሩን ዝጊው፣ ነፋስ ገባ" አለችኝ። ዘጋሁት።

የመጨረሻውን ጥያቄሽን ሁለት ቀን ይዤው ቆየሁ። "ወደሽ ነው የተቀመጥሽው?" ብለሻል፤ "እውነቱን ንገሪኝ" ብለሽም አስምረሽበታል። ሌላውን ሁሉ ሳሳምር ቆይቻለሁ፣ ይህን ግን አላሳምርም። አይ። ወድጄ አይደለም። ጠዋት ስነቃ ጣራውን አይና ልቤ ይዘጋል። ሸራውን ጀምሬዋለሁ፣ ቤቱ ጠቧል፣ ያንቺ ስፌት ካለቀበት ክንድ ላይ የእኔ ጠማማ ይቀጥላል። አንዳንዴ እማዬ እጄን ታየዋለች፣ እኔም እሷ ስታየው አያለሁ፣ "ምን ቆመሻል፣ አንቺ ድንጋይ!" ብላ ትጮህብኛለች፤ ያኔ እጄ ይንቀሳቀሳል። እንደዚህ እየተባባልን ነው ቀኑን የምንገፋው። ይህ ደስታ አይደለም። ግን አንቺ ውጭ ነሽ። ይህን ሳስብ ትንፋሼ ይመለሳል።

አሳዝኛት ልመልሳት ብዬ እንዳይመስልሽ የጻፍኩልሽ። ብትመለሺ በሩን አልከፍትልሽም፣ እማዬም ከውስጥ ሆና ታግዘኛለች። የመጀመሪያ ብየዳሽ ተላቅቆ ፎርማኑ እንደሳቀብሽ፣ አንቺም መጋዘኑ ጀርባ ሄደሽ እንዳለቀስሽ ጽፈሽልኛል። ማልቀስሽን ለእማዬ አላነበብኩላትም። ይሳቅ። ነገ ተነሺና እንደገና በይጂው።

እህትሽ